ቤትን ይዞ በበረዶ መንገድ፦ የአርቪ ተጓዦች ጥያቄና መልስ

ብርዱ ሲቃረብ ከአርቪ (መኖሪያ ቤት ሆኖ ከተሠራ የጉዞ መኪና ወይም ተሳቢ) ባለቤቶች የሚደርሱን ጥያቄዎች ይበዛሉ። አርቪ መኪናም ቤትም ስለሆነ ብርዱ በሁለቱም በኩል ይመጣበታል፤ መንገዱ ሲያንሸራትት ውስጡ ያለው የውሃ ቱቦም ይፈነዳል። ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል ብዙዎችን የሚመለከቱትን መርጠን፣ አሳጥረን ከነመልሳቸው አቅርበናል።

ጥያቄ፦ ማለዳ ላይ ስነዳ የዳሽቦርዱ ቴርሞሜትር ከዜሮ በላይ 3 ዲግሪ ያሳይ ነበር። አስፋልቱም የረጠበ እንጂ በረዶ ያለበት አይመስልም። ድልድይ ላይ ስወጣ ግን የአርቪው ኋላ በአንድ ጊዜ ወደ ጎን ሸሸ። በረዶው ከየት መጣ?

መልስ፦ ያ ቴርሞሜትር የሚለካው ከፊት መከላከያው አካባቢ ያለውን አየር እንጂ አስፋልቱን አይደለም። ሰማዩ ጥርት ብሎ ባደረበት ሌሊት መንገዱ የቀን ሙቀቱን ወደ ላይ ስለሚለቅ ከአየሩ ይልቅ ጥቂት ዲግሪ ይቀዘቅዛል። አየሩ 3 ዲግሪ እያለ መሬቱ ከዜሮ በታች ሊሆን የሚችለው ለዚህ ነው። ድልድይ ደግሞ ከሥሩ ሙቀት የሚያቀብለው አፈር የለውም፤ ነፋሱ ከላይም ከታችም ስለሚያገኘው ከሌላው መንገድ ቀድሞ ይረጋል። ፀሐይ የማያገኘው ኩርባ፣ ዛፍ የጋረደው መንገድ፣ የዋሻ መውጫና የወንዝ ዳርም እንዲሁ ናቸው።

ይህ የማይታይ በረዶ ምልክት አለው። መንገዱ የረጠበ መስሎ እያብለጨለጨ ከፊትዎ የሚሄደው መኪና ጎማ ግን ውሃ የማይረጭ ከሆነ፣ ያዩት ውሃ አይደለም። የጎማው ድምፅ በድንገት ከጠፋ ወይም መሪው እጅዎ ላይ ከቀለለ ደግሞ በረዶው ላይ ወጥተዋል ማለት ነው። ከዚያ በፊት ስፖኪዮውን ይመልከቱ። ክንዱና ጠርዙ ላይ ቀጭን መስታወት የመሰለ ሽፋን መያዝ ከጀመረ መንገዱም እየረጋ ነው ብለው ያስቡ።

በረዶው ላይ ከወጡ እግርዎን ከነዳጅ መስጫው ላይ ቀስ ብለው ያንሱ፤ ፍሬን አይርገጡ፤ መሪውን መሄድ ወደሚፈልጉበት አቅጣጫ ብቻ፣ በትንሽ በትንሹ ያዙሩ። ክሩዝ ኮንትሮል (ፍጥነቱን በራሱ የሚጠብቀው መሣሪያ) በእንዲህ ያለ ቀን ከነጭራሹ አይከፈት። በረዶ ላይ የመቆሚያ ርቀት ከደረቅ አስፋልት እስከ 10 እጥፍ ሊደርስ ስለሚችል ከፊት ካለው መኪና ጋር ቢያንስ የ8 ወይም የ10 ሰከንድ ርቀት ይጠብቁ፤ ቤት ለጫነ መኪና ይህም አይበዛበትም።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። በረዶ ክፉኛ የሚያንሸራትተው በጣም ሲቀዘቅዝ ሳይሆን ዜሮ አካባቢ ሲሆን ነው፤ ላዩ ላይ ቀጭን ውሃ ይኖረዋልና። ከዜሮ በታች 20 ላይ ያለ በረዶ ከዚያ የተሻለ ጎማ ይይዛል። ብርዱ ሲበረታ ችግሩ ሌላ ነው፤ ተራው የመንገድ ጨው ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ገደማ ካለፈ በኋላ ኃይሉ በጣም ይዳከማል፤ ስለዚህ ጨው ተበትኗል ብለው አይዘናጉ። እኛ የምንመክረው ቴርሞሜትሩ 4 ዲግሪና ከዚያ በታች ሲያሳይ መንገዱን በረዶ እንዳለበት ቆጥሮ መንዳት ነው። ቀኑ እጅግ የሚቀዘቅዘው ፀሐይ በምትወጣበት ሰዓት አካባቢ ስለሆነ ፀሐይ ከወጣች ከሁለትና ሦስት ሰዓት በኋላ ተነሥተው ሳትጠልቅ ማደሪያዎ ይግቡ።

ዝናቡ ራሱ መሬት እንደነካ የሚረጋበት ቀን ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ያን ቀን ምንም ዓይነት ጎማ፣ ምንም ዓይነት ችሎታ አይበቃምና አርቪው ከቆመበት አይንቀሳቀስ።

ጥያቄ፦ ጎማዎቼን በሞቃት ቀን በ80 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ሞልቼ ተነሣሁ። ብርዱ አገር ስደርስ በጣም ጎድለው አገኘኋቸው። አንድም የተበሳ የለም። ለበረዶ ትንሽ ማጉደል ጥሩ ነው የሚሉም አሉና ልተወው?

መልስ፦ አይተዉት። አየር ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይወርዳል። ለትንሽ መኪና በየ5.6 ዲግሪው 1 ፒኤስአይ ይቀንሳል የሚባለው ስሌት ከ30 እስከ 35 ፒኤስአይ ለሚሞላ ጎማ የተነገረ ነው። የአርቪ ጎማ ከፍ ባለ ግፊት ስለሚሞላ የሚያጣውም ከዚያ እጥፍ ገደማ ነው። በ20 ዲግሪ 80 የነበረ ጎማ ከዜሮ በታች 15 ላይ ወደ 69 ይወርዳል። በዚያ ግፊት ሙሉ ጭነት ሲሸከም የጎማው ጎን ከልክ በላይ ይታጠፋል፣ ውስጡ ይግላል፣ ክሩ ይላቀቃል። ጥንድ ጎማ (በአንድ በኩል ጎን ለጎን የታሰሩ ሁለት ጎማዎች) ላይ ደግሞ አንዱ የጎደለበትን ጭነት ሌላው ይሸከማል። ማለዳ ሳይነዱ ለክተው፣ ለአክስሉ ክብደት የታዘዘውን ግፊት ባሉበት ብርድ ላይ ይሙሉ። ወደ ሞቃት አገር ሲመለሱ ደግሞ እንደገና ይለኩ።

ጎማው ራሱ ለብርድ የተሠራ መሆኑንም ያረጋግጡ። የበጋ ጎማ ከ7 ዲግሪ በታች መጠጠር ይጀምራል። ጎኑ ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና በውስጡ የበረዶ ቅንጣት ምስል ያለበት ጎማ በበረዶ ላይ ተፈትኖ ያለፈ ነው፤ «ኤም ፕላስ ኤስ» (M+S፣ ጭቃና በረዶ ማለት ነው) የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ይህን አያረጋግጥም። አርቪ ብዙ ጊዜ ቆሞ ስለሚከርም የጎማው ጥርስ ሳያልቅ ጎማው ያረጃል። ጎኑ ላይ «DOT» ከሚለው ቀጥሎ ከተጻፈው ቁጥር የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይነግሩዎታል፤ 2319 ቢል በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው።

ጥያቄ፦ 11 ሜትር ርዝመት ያለው የናፍጣ አርቪ እነዳለሁ። ቁልቁለት ላይ ሁልጊዜ የጭስ ማውጫ ፍሬን (የሞተሩን ጭስ አፍኖ መኪናውን የሚያዘገየውን) እጠቀማለሁ። በበረዶም ይሠራል?

መልስ፦ በደረቅ ቁልቁለት ከእሱ የተሻለ ረዳት የለም። በሚያንሸራትት መንገድ ግን ያጥፉት። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ይህ ፍሬን የሚይዘው ሞተሩ የሚነዳቸውን ጎማዎች፣ ማለትም የኋላዎቹን ብቻ ነው። እነሱ መያዣ ሲያጡ የፊቱ በነፃ ይንከባለላል፣ የኋላው ደግሞ ፊቱን ሊቀድም ይመጣል። ኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ሥርዓት) ያን ጊዜ ያድነኛል ብለውም አይመኑ፤ ዋና ሥራው የእግር ፍሬኑን መቆጣጠር ነው።

ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት፣ ገና አናቱ ላይ ሳሉ፣ ፍጥነቱን በጣም ይቀንሱና ዝቅተኛ ማርሽ ያስገቡ። መሃል ላይ ማርሽ መቀነስ ጎማውን በድንገት ይይዘዋል። በእግር ፍሬን መቀነስ ሲያስፈልግ ቀጥ ባለው ቦታ ላይ ቀለል አድርገው ይርገጡ፤ ኩርባው ውስጥ አይርገጡ። ኤቢኤስ ካለው ፔዳሉ እግርዎ ሥር ቢንቀጠቀጥም ይዘው ይቆዩ፤ አይልቀቁ።

ተሳቢ ላላቸው ሰዎች አንድ እንጨምር። የአብዛኛው ተሳቢ የኤሌክትሪክ ፍሬን ኤቢኤስ የለውም። ለደረቅ መንገድ የተስተካከለው የፍሬን ኃይል በበረዶ ላይ የተሳቢውን ጎማ ይቆልፈዋል፣ የተቆለፈ ጎማ ደግሞ ወደ ጎን ይሄዳል። ሰው በሌለበት ሰፊ ቦታ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር እየሄዱ የተሳቢውን ፍሬን ከሾፌሩ አጠገብ ባለው መቆጣጠሪያ በእጅ ብቻ ይሞክሩ። ከተቆለፈ፣ መቆለፉን እስኪተው ድረስ የመቆጣጠሪያውን ቁጥር ይቀንሱ። መንገዱ ሲደርቅ ወደ ቦታው መመለስዎን አይርሱ።

ጥያቄ፦ ተሳቢዬ በበጋ ምንም ሳይወዛወዝ ከርሞ በብርዱ ወራት ነፋስ ሲነካው ጭራውን መወርወር ጀመረ። መጎተቻው ያው ነው፣ መኪናውም ያው ነው። ምን ተለወጠ?

መልስ፦ ውሃው እንዳይረጋ ብለው አፍስሰውት ይሆናል ብለን እንገምታለን። የተሳቢው ንጹሕ ውሃ ታንከር ከአክስሉ ፊት ከሆነ ያለው፣ 150 ሊትር ሲያፈስሱ 150 ኪሎ ከፊት ተነሣ ማለት ነው። መጎተቻው ላይ የሚያርፈው ክብደት ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 ከመቶ መሆን አለበት፤ ከ10 በታች ሲወርድ መወዛወዝ ይጀምራል። ብዙዎች በዚያው ሰሞን ከኋላ ሰንሰለት፣ አካፋ፣ የአሸዋ ከረጢት ይጭናሉ፤ ያም ያባብሰዋል። ክብደቱን እንደገና ይመዝኑና ከባድ ዕቃውን ከአክስሉ ፊት፣ ወለል ላይ ያድርጉት።

ነፋሱንም በቁጥር ማየት ይጠቅማል። ርዝመቱ 9፣ ከፍታው 3 ሜትር የሆነ ጎን 27 ካሬ ሜትር ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ የጎን ነፋስ ይህን ግድግዳ ወደ 900 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ይገፋዋል። ነፋሱ በግማሽ ሲቀንስ ግፊቱ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ስለዚህ ሁለት ሦስት ሰዓት ጠብቆ መነሣት ብዙ ያተርፋል። በረዶ ላይ ደግሞ ይህን ግፊት የሚቋቋመው የጎማው መያዣ እጅግ ትንሽ ስለሆነ በደረቅ መንገድ የማያሰጋ ነፋስ ያሰጋል። ይበልጥ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ከተራራ መከለያ ወጥተው ወደ ሜዳ ሲገቡ፣ ድልድይ ላይ፣ እንዲሁም ትልቅ የጭነት መኪና ጎንዎን ሲያልፍ ነው።

ተሳቢው መወዛወዝ ከጀመረ የመኪናውን ፍሬን አይርገጡ፤ ነዳጅም አይጨምሩ። እግርዎን ቀስ ብለው ከነዳጅ ያንሱ፣ መሪውን ቀጥ አድርገው ይያዙ፣ የተሳቢውን ፍሬን በእጅ ለብቻው በጥቂቱ ይንኩ። በመሪ ልቃወመው ማለት ውዝዋዜውን ያሳድገዋል።

ጥያቄ፦ ሰንሰለት ገዝቻለሁ። የኋላው ጥንድ ጎማ ነው። በየትኛው ላይ ላድርግ? አደራረጉስ?

መልስ፦ ሰንሰለት የሚታሰረው ሞተሩ በሚነዳው ጎማ ላይ ነው። ጥንድ ጎማ ካለው በውጪኛው ላይ ነጠላ ሰንሰለት፣ ወይም ሁለቱንም አንድ ላይ የሚይዝ ጥንድ ሰንሰለት ይደረጋል፤ የትኛው እንደሚበቃ የሚያልፉበት አገር ሕግ ይወስነዋል። የፊት ጎማው የሚነዳ አርቪ ከሆነ ሰንሰለቱ ፊት ነው። በዚህ ዓይነቱ አርቪ ከኋላ የተንጠለጠለ ብስክሌት ወይም ሞተር ሳይክል የፊቱን ያቀለዋል፤ ዳገት ላይ ጎማው ቆሞ የሚሽከረከረው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ለተሳቢ ደግሞ ፍሬን ያለው አንድ አክስል በግራና በቀኝ ይታሰርለት።

ከመግዛትዎ በፊት የመኪናውን መመሪያ ማንበብ ነበረብዎት፤ አሁንም አልረፈደም። ጎማው ከግድግዳው፣ ከፍሬን ቱቦውና ከጎኑ ካለው ጥንዱ ያለው ክፍተት ጠባብ ከሆነ አምራቹ ወፍራም ሰንሰለት ሊከለክል ይችላል። ያን ጊዜ ቀጭን የኬብል ዓይነቱን ይጠቀማሉ።

አደራረጉ እንዲህ ነው። ከመንገድ ፈጽመው ወጥተው ደልዳላ ቦታ ይቁሙ፣ ታኮ ያድርጉ፣ አንጸባራቂ ልብስ ይልበሱ። ሰንሰለቱን መሬት ላይ ዘርግተው የተጠማዘዘ ቀለበት ካለ ይፍቱ። የመንጠቆዎቹ ጫፍ ወደ ውጪ እንጂ ወደ ጎማው እንዳይዞር አድርገው ከላይ ያልብሱት፤ ወደ ውስጥ ከዞረ የጎማውን ጎን ይቆርጠዋል። መጀመሪያ የውስጡን፣ ከዚያ የውጪውን መንጠቆ ይያዙ። ጥቂት ወደፊት ገፋ አድርገው የቀረውን ያጥብቁ። ከዚያ 500 ሜትር ያህል ነድተው ይቁሙና እንደገና ያጥብቁ፤ ይህችን የመጨረሻዋን እርምጃ የሚዘል ሰው ሰንሰለቱን መንገድ ላይ ይጥላል።

ከሰንሰለት ጋር በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር አይለፉ፤ መመሪያው ከዚያ ያነሰ ካለ እሱን ይከተሉ። የተበጠሰ ቀለበት በፍጥነት ሲወራጭ ከትንሽ መኪና ይልቅ አርቪን ይጎዳል፤ የጎማው ጎድጓዳ ጀርባ የፍሳሽ ቱቦ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦና የጋዝ መስመር ሊያልፍበት ይችላል። አስፋልቱ ሲገለጥ ወዲያው ይፍቱት። ውሃ የማያስገባ ጓንት፣ የግንባር መብራትና የሚንበረከኩበት ምንጣፍ ከሰንሰለቱ ጋር በአንድ ከረጢት ይቀመጡ። በቤትዎ ግቢ፣ በደረቅ ቀን፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ አስረው ይፍቱ።

ጥያቄ፦ ሌሊት ከዜሮ በታች 8 ዲግሪ ነበር፤ ማሞቂያው ሲሠራ አደረ፤ ቧንቧውም ደህና ነበር። ቀን ከዜሮ በታች 4 ላይ አምስት ሰዓት ነድተን ስንቆም ግን ውሃው ረግቶ ነበር። እንዴት ከሌሊቱ ይልቅ በቀኑ ረጋ?

መልስ፦ ሌሊት ማሞቂያው በወለሉ ሥር ያሉትን ቱቦዎች ያሞቅ ነበር፤ ቀን ጠፍቷል። በዚያ ላይ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ሲነዱ የሚገጥማቸው ነፋስ የነበራቸውን ሙቀት በፍጥነት ይጠርገዋል። ነፋስ ቱቦውን ከአየሩ በታች ሊያቀዘቅዘው አይችልም፤ ወደ አየሩ ቅዝቃዜ ቶሎ ያወርደዋል እንጂ። አየሩ ራሱ ከዜሮ በታች ሲሆን ይህ ይበቃል።

ውሃ ሲረጋ በ9 ከመቶ ገደማ ይሰፋል። መጀመሪያ የሚሰነጠቁት ረጃጅሞቹ ቱቦዎች አይደሉም፤ የፓምፑ ራስ፣ የማጣሪያው ኩባያ፣ የሽንት ቤቱ ቫልቭና የቧንቧ መገጣጠሚያዎች ናቸው። ጉዳቱ የሚታወቀው በረዶው ሲቀልጥ ነውና ውሃው ሲመለስ ፓምፑን ከፍተው አይሂዱ። ቧንቧው ሁሉ ተዘግቶ ፓምፑ በየጊዜው የሚነሣ ከሆነ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው።

በብርድ አገር ለብዙ ቀን ለሚነዳ ሰው የምንመርጠው መስመሩን ባዶ አድርጎ በደረቁ መጓዝ ነው። የውሃ ማሞቂያውን አጥፍተው እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ፤ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ከፍተው ግፊቱን ያስተንፍሱ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ የታችኛውን ቡሽ ይፍቱ። ሙቅና ግፊት ያለበት ሆኖ ከፈቱት ፊትዎ ላይ ይወጣል። ንጹሑን ታንከር ያፍስሱ፣ ማጣሪያውን ያውጡ፣ የውሃ ማሞቂያውን ማለፊያ ቫልቭ ያዙሩ፤ ካላዞሩት እሱን ለመሙላት ብቻ ከ20 እስከ 40 ሊትር አንቲፍሪዝ (በብርድ የማይረጋ ፈሳሽ) ይወስዳል። ቀጥሎ የፓምፑን መምጠጫ ቱቦ ሮዝ ቀለም ባለው የአርቪ አንቲፍሪዝ ጀሪካን ውስጥ ይክተቱ። ይህ ከፕሮፒሊን ግላይኮል የተሠራው ነው፤ የራዲያተሩ አንቲፍሪዝ መርዝ ስለሆነ ወደ መጠጥ ውሃ መስመር በጭራሽ አይግባ።

ከዚያ ቧንቧዎቹን አንድ በአንድ፣ ሙቁንም ቀዝቃዛውንም ይክፈቱ። የሚወጣው ፈሳሽ ፈዛዛ ሮዝ ሲሆን አይዝጉ፤ በጀሪካኑ ውስጥ ያለውን ያህል ደምቆ እስኪወጣ ይጠብቁ። ጀሪካኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ቱቦው እንዳይፈነዳ የሚጠብቅበት ልክ ነው፤ መስመር ውስጥ በቀረ ውሃ ከቀጠነ ግን ያ ቁጥር አይሠራም። ሽንት ቤቱን፣ ሻወሩን፣ ከሁሉ ይልቅ ብዙዎች የሚረሱትን የውጪውን ሻወር አይዝለሉ። በየፍሳሽ መውረጃው አንድ ሁለት ኩባያ ያፍስሱ። ለመካከለኛ አርቪ ከ8 እስከ 12 ሊትር ይበቃል።

ለመጠጥና ለምግብ ውሃ በጀሪካን ውስጥ ይያዙ፤ ሽንት ቤቱን በዚያው አንቲፍሪዝ ያጥቡ። የፍሳሽ ታንከሮቹ ውስጥም ከመነሣትዎ በፊት ሁለት ሊትር ያህል ይጨምሩና ቫልቮቹን ዝግ ያድርጉ። ቆመው ሳለ የእጅ መታጠቢያውን ፍሳሽ ቫልቭ ከፍቶ መተው መጥፎ ልማድ ነው። ጠብ ጠብ የምትለው ውሃ ቱቦው ውስጥ በየተራ እየረጋች በአንድ ሌሊት ትዘጋዋለች። የቫልቩ እጀታ አልሳብ ካለ በኃይል አይጎትቱት፤ በፀጉር ማድረቂያ ያሙቁት።

ጥያቄ፦ ማሞቂያው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይጠፋል። የጋዝ ሲሊንደሩ ግን ገና ጋዝ አለው። ችግሩ ጋዙ ነው ወይስ ማሞቂያው?

መልስ፦ ሦስተኛውን ተጠርጣሪ ረስተዋል፤ ባትሪውን። ማሞቂያው ጋዝ ቢያቃጥልም ሙቀቱን የሚነፋው ፋን ከባትሪ ከ7 እስከ 10 አምፔር ይወስዳል። በሌሊቱ 10 ሰዓት ውስጥ ግማሹን ያህል ቢሠራ ከ35 እስከ 50 አምፔር ሰዓት ጨረሰ ማለት ነው። ባለ 100 አምፔር ሰዓት የሊድ ባትሪ ሳይጎዳ የሚሰጠው ግማሹን ነው፤ ያውም ሲሞቅ። ብርድ ላይ ከዚያም ያነሰ ይሰጣል። ቮልቴጁ ሲወርድ ፋኑ ይዞራል፣ ነገር ግን አየር መንፈሱን የሚያረጋግጠውን የአየር ስዊች ለመግፋት አቅም ስለሚያጣ እሳቱ አይለኮስም። ስለዚህ ፋኑ እየዞረ ቀዝቃዛ አየር ከነፋ መጀመሪያ ቮልቴጁን ይለኩ።

ባትሪው ጤነኛ ከሆነ ወደ ጋዙ ይሂዱ። ፕሮፔን እስከ ከዜሮ በታች 42 ድረስ ይተናል፤ ቡቴን ግን ዜሮ አካባቢ ሲደርስ መትነኑን ያቆማል። የተቀላቀለ ጋዝ ከሞሉ ፕሮፔኑ ቀድሞ ይወጣና ቡቴኑ በፈሳሽነቱ ሲሊንደሩ ውስጥ ይቀራል፤ ሲያነሡት ከባድ ነው፣ እሳት ግን የለውም። ንጹሕ ፕሮፔን ሆኖም ግፊቱ ሊወርድ ይችላል፤ ጋዙ ሲተን ሲሊንደሩን ያቀዘቅዘዋል፣ የቀረው ፈሳሽ ባነሰ መጠን ደግሞ የመትነን አቅሙ ያንሳል። ሁለት ሲሊንደር ከራስ ሰር መቀያየሪያ ጋር ይያዙ፤ በከባድ ብርድ ሌሊት ከግማሽ በታች በሆነ ሲሊንደር አይተኙ። ሲሊንደሩን በእሳት ማሞቅ ሞት ነው።

ስለ ባትሪ ካነሣን፣ የሊትየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ከዜሮ በታች እያለ ቻርጅ መደረግ የለበትም፤ ውስጡ የብረት ሊትየም ይለጠፍበትና ለዘለቄታው ይጎዳል። ጥሩ ባትሪ ቻርጁን ራሱ ይቆርጣል፤ እየነዱም እንኳ አለመሙላቱ ብልሽት ላይሆን ይችላል። የሊድ ባትሪ ደግሞ ሙሉ ከሆነ በጣም ከባድ ብርድ ይችላል፤ ባዶ ከሆነ ግን ከዜሮ በታች 10 ሳይሞላ ረግቶ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ለመሞቅ ብለው የማብሰያውን ምድጃ አያብሩ። ከመርዛማው ጋዝ ሌላ፣ የሚቃጠለው እያንዳንዱ ኪሎ ፕሮፔን 1.6 ኪሎ ያህል ውሃ በእንፋሎት መልክ ቤቱ ውስጥ ይለቃል። መስኮቱ ላይ የሚንጠባጠበውና ግድግዳው ውስጥ ገብቶ እንጨቱን የሚያበሰብሰው እሱ ነው። ብርድ ቢሆንም የጣሪያውን መተንፈሻ የጣት ውፍረት ያህል ክፍት ያድርጉት።

ጥያቄ፦ የናፍጣ አርቪዬ ማለዳ ላይ በደንብ ተነሣ፤ አሥር ደቂቃ ነድቼ ኃይሉ ወረደና ጠፋ። ነዳጁ ግማሽ ታንከር አለ።

መልስ፦ ናፍጣው ሰም ሠርቶ ፊልትሮውን ዘግቶታል። የተነሣው ፊልትሮውና ቱቦው ውስጥ በነበረው ነዳጅ ነው። ይህ አርቪን በተለይ የሚያጠቃበት ምክንያት አለ፤ ታንከሩ ትልቅ ስለሆነ በሞቃት አገር የሞሉት የበጋ ናፍጣ እስከ ብርዱ አገር ድረስ አብሮዎት ይሄዳል። ከመግባትዎ በፊት ነዳጁን ወደ ሩብ ያውርዱና በብርዱ አካባቢ የሚሸጠውን የክረምት ናፍጣ ይሙሉ። ከሞሉም በኋላ 20 ወይም 30 ኪሎ ሜትር ይንዱ፤ አዲሱ ነዳጅ ቱቦውና ፊልትሮው እስኪደርስ አያቁሙት። የሰም መከላከያ ፈሳሹ የሚጨመረው ነዳጁ ገና ፈሳሽ ሳለ ነው፤ ሰም ከሠራ በኋላ አያሟሟውም። ቤንዚን ጨምሩበት የሚሉዎትን አይስሙ፤ የዘመኑ ፓምፕና ኢንጀክተር የሚለሰልሱት በናፍጣው ነውና ይበላሻሉ።

አሁን ለቆመው መኪና ፊልትሮውን መቀየርና ነዳጁን በሞቀ ጋራዥ ማሞቅ ነው መፍትሔው። የቤቱ ማሞቂያም በናፍጣ የሚሠራና ከዚያው ታንከር የሚስብ ከሆነ አብሮ ይቆማልና በትርፍ የሚሆን ሌላ የሙቀት ምንጭ ይዘው ይጓዙ።

ጥያቄ፦ በረዶ መንገድ ቢዘጋብን አርቪው ውስጥ ሁሉ ነገር ስላለ አንቸገርም ብለን እናስባለን። ልንጠነቀቅ የሚገባ ነገር አለ?

መልስ፦ ከብርዱ በፊት የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ሽታም ቀለምም የለውም። አርቪ ጭስ የሚያወጣው በአንድ ቦታ አይደለም፤ የሞተሩ ቱቦ፣ የጄኔሬተሩ ቱቦ፣ በጎን በኩል ያለው የማሞቂያው መውጫ አለ። ነፋስ ያከማቸው በረዶ ከእነዚህ አንዱን ከሸፈነ ጭሱ ወደ ውስጥ ይመለሳል። አካፋ ይዘው በየጊዜው ይዙሩና ሦስቱንም ያጽዱ፤ ሳያዩት ሞተር አያስነሡ። ሞተሩን ለሙቀት የሚጠቀሙ ከሆነ በሰዓት 10 ደቂቃ ያህል ብቻ፣ ነፋሱ በማይመጣበት በኩል መስኮት ትንሽ ከፍተው ያሥሩት። ጄኔሬተሩ በርቶ አይተኙ።

የማስጠንቀቂያ መሣሪያው የሚያበቃበት ቀን ጀርባው ላይ ተጽፏል፤ ቀኑ ካለፈ ቁልፉን ሲጫኑ ቢጮኽም ጋዙን ላያውቅ ይችላል። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመው፣ ካዞረው ወይም ካቅለሸለሸው ድካም ነው አይበሉ፤ ሁሉም ሰው ወደ ውጪ ይውጣ፣ ከዚያ እሳቱ ሁሉ ይጥፋ።

ሙቀት ለመቆጠብ የሾፌሩን ክፍል በወፍራም ብርድ ልብስ ጋርደው መሃሉ ላይ ተሰብስበው ይተኙ፤ ሙቀት በብዛት የሚያመልጠው በትልቁ የፊት መስታወት ነው። ርዳታ ፍለጋ በእግር አይውጡ። ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ውሃ፣ ሳይበስል የሚበላ ምግብና የስልክ ቻርጅ ቢያንስ ለሦስት ቀን ይኑር።

ጥያቄ፦ ስንቆም ቤቱን ለማስፋት ከጎን ተንሸራትቶ የሚወጣው ክፍል ላይ በረዶ ተከምሮ አደረ። ላጸዳው ጣሪያው ላይ መውጣት ስለፈራሁ እንዲሁ ባስገባው ይጎዳል?

መልስ፦ መፍራትዎ ልክ ነው፤ በረዶ የያዘ የአርቪ ጣሪያ ላይ አይወጣም። ግን እንዲሁም አይገባም። በላዩ የረጋው በረዶ ሲገባ ዙሪያውን የያዘውን ጎማ ማሸጊያ ይቀድደዋል፣ ሞተሩንም ያቃጥላል፤ የገባው በረዶ ደግሞ ምንጣፉ ላይ ይቀልጣል። ከመሬት ወይም በደንብ ከቆመ መሰላል ላይ ሆነው ረጅም እጀታ ባለው ለስላሳ መጥረጊያ ይግፉት፤ የብረት ወይም ጠርዙ ስለታም የሆነ አይጠቀሙ። ለተለጠፈው በረዶ ጨው አይነስንሱ፣ የፈላ ውሃም አይድፉ። ውስጡን አሙቀው ሁለት ሰዓት ይጠብቁና ጎማ ማሸጊያው ከግድግዳው መላቀቁን በጣት ዙሪያውን ይፈትሹ።

የዋናው ጣሪያ በረዶም ይራገፍ። እርጥብ በረዶ በአንድ ሜትር ኩብ 300 ኪሎ ሊመዝን ይችላል፤ በ16 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ቢከመር አንድ ቶን ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል። በዚያ ላይ በመንገድ ላይ ተፈንቅሎ ከኋላ የሚመጣውን መኪና መስታወት ይሰብራል።

ክፍሉን ሲያስገቡ አንድ ሰው ውጪ ቆሞ ይመልከት። የሞተሩ ድምፅ ከከበደ ወይም አንዱ ጫፍ ከሌላው ከቀደመ ወዲያው ቁልፉን ይልቀቁ፤ ትንሽ ወደ ውጪ መልሰው የያዘውን ያግኙ፤ ከዚያ እንደገና ይሞክሩ። ከመነሣትዎ በፊት ጎማዎቹ ከመሬቱ ጋር አለመያዛቸውን ያረጋግጡ። በሚቀጥለው ማደሪያ ደግሞ ከጎማውም ከክሪኩም ሥር ሳንቃ አንጥፈው ይቁሙ፤ ፍሬኑ እርጥብ ሆኖ ካደረ ስለሚጣበቅ ደልዳላ ቦታ ላይ ከሆኑ የእጅ ፍሬኑን ትተው በማርሽና በታኮ ይያዙት።